ቪዲዮን በሊኑክስ ኮምፒዩተር ስለ ማጫወት፤ ከውርጌሳ አንጻር የቀረበ አጭር የታሪክ ጥናት

ውርጌሳ በሰሜን ወሎ በሐብሩ ወረዳ፥ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ በውጫሌና በመርሳ መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ መንገድ ዳር እንደሚገኙት እንደ ሌሎቹ ከተሞች ሁሉ ዛሬ በውርጌሳም ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ወጣቱ ድራማውንና ዘፈኑን በስልኩ ሚሞሪ ላይ ያስጭናል፤ ባለሱቁም ገበያ ሲቀዘቅዝ በስልኩ ዜና ያያል። ነገር ግን በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ከአሮጌ ኮምፒዩተር ጋር የሠራ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ይኸውም በመዳፍ የምትያዝ ርካሽ ስልክ ሳትደናቀፍ የምታሳየውን ፊልም፥ ጠረጴዛ የሞላው ኮምፒዩተር እየቆራረጠ፥ ድምፁን ከሥዕሉ እየለየ፥ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ቀጥ ብሎ የሚቆም መሆኑ ነው። ታናሹ ዕቃ ታላቁን ስለ ምን በለጠው?

ለዚህ ጥያቄ ዘወትር የሚሰጠው መልስ «ኮምፒዩተሩ አርጅቷል፤ አዲስ ይገዛ» የሚል ነው። መልሱ ግማሽ እውነት አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሌላውን ግማሽ ከታሪክ ውስጥ ፈልጎ ማሳየት ነው። የምንከራከርበትም ሐሳብ የሚከተለው ነው። የተንቀሳቃሽ ሥዕል ማጫወቻ ታሪክ በመሠረቱ የሸክም ታሪክ ነው። ሥዕሉን ለማሳየት የሚያስፈልገው ሥራ በየዘመኑ በአንድ ወገን ላይ ይጫናል፤ አንዳንድ ጊዜ በላኪው ላይ፥ አንዳንድ ጊዜ በተቀባዩ ላይ፤ በተቀባዩም መሣሪያ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ በአንዱ ክፍል፥ አንዳንድ ጊዜ በሌላው። ሸክሙ የት እንዳለ ያወቀ ሰው ወደሚችለው ትከሻ ሊያዛውረው ይችላል፤ ያላወቀ ግን አዲስ ዕቃ ከመግዛት በቀር መንገድ የለውም። ሊኑክስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዐት እንደ ውርጌሳ ላለ ቦታ የሚጠቅመው ይህን ለማዛወር ፈቃዱንም መሣሪያውንም ስለሚሰጥ ነው።

ሀ/ ሥዕሉ በፊልም ጥቅል ላይ በነበረበት ዘመን

የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 በፓሪስ ከተማ ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ሕዝብ ፊልም ባሳዩ ጊዜ፥ የማጫወቻው መኪና ሥራ እጅግ ቀላል ነበር። ጥቅሉን ፊልም በእኩል ፍጥነት መጎተትና ብርሃን በላዩ ማሳለፍ ብቻ ነው። ሥዕሉ እንዳለ በፊልሙ ላይ ተቀርጿል፤ የሚሰላ ነገር የለም። ሥዕል ቢቆራረጥ ጥፋቱ ወይ የፊልሙ መበጠስ፥ ወይ የጎታቹ እጅ መዛል ነው።

ሲኒማ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። በአዲስ አበባ የተከፈተውን የሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ሲጀምር ሸክሙ ቦታውን ለወጠ። አሁን ከባዱ ሥራ የላኪው ሆነ፤ ስቱዲዮውና ማሠራጫው ብዙ ገንዘብ ሲጠይቁ፥ የተመልካቹ ሣጥን የመጣለትን ማዕበል ተቀብሎ ወደ ብርሃን ከመለወጥ በቀር ሥራ አልነበረውም። ዳሩ ግን ተመልካቹ ከሸክሙ ጋር ሥልጣኑንም ተወ። የሚታየውን፥ የሚታይበትን ሰዓትና የሚታይበትን ቦታ የሚወስነው ላኪው ነበር።

ይህ ነገር ለወሎ ሕዝብ ምን ማለት እንደ ነበረ ታሪኩ ራሱ ይናገራል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታውን ረኃብ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በፊልም አንሥቶ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን አሳየ። ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት የድግስ ሥዕሎች ጋር ተቀነባብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ማይክል በርክና ሞሐመድ አሚን፥ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያነሡት ሥዕል ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢ.ቢ.ሲ. ታይቶ ዓለምን አነቃነቀ። እነዚህ ሥዕሎች የተነሡት ከወሎ ሰው ፊት ነው። የተነሣው ገበሬ ግን ሥዕሉን የሚያይበት መሣሪያ አልነበረውም። ወሎ ታየች እንጂ አላየችም። ስለዚህ ማጫወቻ ትንሽ የዕቃ ጉዳይ ይመስላል እንጂ፥ ሰው ስለ ራሱ የተቀረጸውን ለማየት መቻሉና አለመቻሉ የሚወሰንበት ነገር ነው።

ለ/ ሥዕሉ ወደ ቊጥር ሲለወጥ

እ.ኤ.አ. በ1976 የጃፓኑ ጄ.ቪ.ሲ. ኩባንያ ያወጣው የቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት ለተመልካቹ ጥቂት ሥልጣን መለሰለት። ካሴት ይቆማል፤ ወደ ኋላም ይመለሳል። በየከተማው የተከፈቱት ቪዲዮ ቤቶች፥ አንድ ቴሌቪዥን፥ አንድ ዴክና ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች ይዘው ሕዝቡን ፊልም ያስተማሩት በዚህ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ካሴት በተጫወተና በተባዛ ቊጥር ይደበዝዛል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ሥዕሉ ወደ ቊጥር በተለወጠ ጊዜ ነው። አንባቢው የነገሩን ክብደት እንዲገምት ትንሽ ሒሳብ እናቅርብ። አንድ የቴሌቪዥን ሥዕል 720 በ576፥ ማለት 414,720 ነጥቦች አሉት። የቀለሙ ዝርዝር ተቀንሶ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ባይት ተኩል ይፈጃል ብንል፥ በሰከንድ ለሚያልፉት 25 ሥዕሎች 15.5 ሚሊዮን ባይት ያህል ያስፈልጋል። እንግዲህ 700 ሚሊዮን ባይት የሚይዝ ሲዲ 45 ሰከንድ እንኳ በቅጡ አይሞላም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ቪ.ሲ.ዲ. ግን በአንድ ሲዲ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ፊልም ይዞ መጣ። ይህን ያስቻለው ሥዕሉን ወደ 352 በ288 ማሳነሱና ኤም.ፔግ-1 የተባለው የማመቂያ ዘዴ ነው።

የማመቅ ዘዴ ምን እንደ ሆነ በእድር መዝገብ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። የእድር ጸሐፊ በየወሩ የአባላቱን ስም ሁሉ እንደ ገና አይጽፍም። አንድ ጊዜ ሙሉውን ዝርዝር ያሰፍራል፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደ ገባ፥ ማን እንደ ወጣ፥ ማን እንዳልከፈለ ብቻ ይመዘግባል። የታመቀ ቪዲዮም እንዲሁ ነው። አንድ ሙሉ ሥዕል ይቀመጥና ቀጥሎ የሚመጡት ሥዕሎች ከቀደመው የተለወጠውን ብቻ ይናገራሉ። በዚህም ምክንያት ከመካከል አንድ ገጽ ቢጠፋ የሚከተለው ሁሉ ይዛባል፤ በተበላሸ ሲዲ ላይ ፊት ሲጨመላለቅና ቀለም ሲንጠባጠብ የምናየው፥ ቀጣዩ ሙሉ ሥዕል እስኪደርስ ድረስ ነው።

ነገር ግን በነጻ የሚገኝ ቊጠባ የለም። መዝገቡን ያሳጠረው ሰው ለአንባቢው ሥራ ትቶለታል። ማጫወቻው እያንዳንዱን ሥዕል ከቀደሙት ሥዕሎችና ከተመዘገበው ለውጥ ራሱ አስልቶ መፍታት አለበት፤ ለዚህም በሰከንድ 25 ሥዕል ከሆነ ለአንዱ ሥዕል 40 ሚሊሰከንድ ብቻ አለው። ከዚህ ጊዜ ካለፈ ሥዕሉ ይዘለላል ወይም ይዘገያል፤ «ቪዲዮው ይቆራረጣል» የምንለው ይህን ነው። ከዚያ በኋላ የወጡት ዘዴዎች፥ ማለት እ.ኤ.አ. በ2003 ኤች.264፥ በ2013 ኤች.265 እና ቪ.ፒ.9፥ በ2018 ኤ.ቪ.1፥ እያንዳንዳቸው ፋይሉን የበለጠ እያሳነሱ የፈቺውን ሥራ የበለጠ እያከበዱ መጥተዋል። የማሠራጫና የማከማቻ ወጪ ያለበት ላኪ ቊጠባውን ወሰደ፤ ሒሳቡ በተመልካቹ ላይ ወደቀ።

ሐ/ የፕላዝማ ትምህርት

በአገራችን የዚህ ታሪክ ታላቅ ምዕራፍ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሳተላይት ትምህርት ነው። ሕዝቡ ከመሣሪያው ስም ተነሥቶ «ፕላዝማ» ይለዋል። በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ትምህርቶች ከአዲስ አበባ በሳተላይት እየተሠራጩ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በተተከሉ ትልልቅ ስክሪኖች ላይ ይታዩ ነበር። የዕቅዱ ሐሳብ የሚነቀፍ አልነበረም፤ ቤተ ሙከራ የሌለው የገጠር ተማሪ የአዲስ አበባው ተማሪ የሚያየውን ሙከራ እንዲያይ ነው።

ስለ ፕላዝማ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያነሡት ችግር ግን ከትምህርቱ ይዘት ይልቅ ከማጫወቻው ጠባይ የመጣ ነበር። ትምህርቱ በተወሰነ ሰዓት ያልፋል፤ አይቆምም፤ አይመለስም። የክፍለ ጊዜውን ትልቁን ድርሻ ስክሪኑ ስለሚወስደው ለመምህሩ የሚተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነበር። እንግሊዝኛው የፈጠነበት ተማሪ «ይድገሙልኝ» ሊል አይችልም። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው። ይህ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የቴሌቪዥን ሥርዐት ጠባይ ወደ ክፍል ገብቶ መታየቱ ነው፤ ሥልጣኑ ሁሉ በላኪው እጅ ነው። ስለዚህ ጥሩ ስክሪን መግዛት ብቻውን መልስ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። ሥዕሉ ተማሪውን እንዲጠብቀው ከተፈለገ ፋይሉም ማጫወቻውም በትምህርት ቤቱ እጅ መሆን አለበት።

መ/ ሊኑክስና ማጫወቻዎቹ

ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አዲስ ሥርዐት እየሠራ መሆኑን እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1991 አስታወቀ። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ከጀመረው የግኑ ሥራ ጋር ተጣምሮ ሊኑክስ ማንም ሊያነበው፥ ሊለውጠውና ለሌላ ሊሰጠው የሚችል ሥርዐት ሆነ። ሲወለድ ቪዲዮን ለማጫወት የታሰበ አልነበረም።

ማጫወቻዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ የመጡ ናቸው። ቪ.ኤል.ሲ. እ.ኤ.አ. በ1996 በፈረንሳይ ኤኮል ሳንትራል ፓሪስ የተማሪዎች ሥራ ሆኖ ተጀመረ፤ ዓላማውም በግቢያቸው መረብ ላይ ቪዲዮ ማስተላለፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በነጻ ፈቃድ ለዓለም ተለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ2000 ፋብሪስ ቤላር የተባለው ፈረንሳዊ ኤፍ.ኤፍ.ኤምፔግን ጀመረ፤ ይህም ልዩ ልዩ የቪዲዮ ዐይነቶችን የሚፈታና ከአንዱ ወደ ሌላው የሚለውጥ መሣሪያ ነው። በዚያው ዓመት ከሃንጋሪ ኤምፕሌየር ወጣ፤ ከእርሱም የዘር ሐረግ ዛሬ ብዙ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች የሚመርጡት ኤምፒቪ ተወለደ። በተማሪ መጽሔት ላይ ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ ከሚሠራባቸው ማጫወቻዎች አንዱ የጀመረው የአንድን ግቢ ችግር ለመፍታት በተነሡ ተማሪዎች ነው።

ከዚህ በኋላ ሸክሙ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተዛውሯል። በመጀመሪያ ሥራው ሁሉ በዋናው ፕሮሰሰር ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ኢንቴል ኤም.ኤም.ኤክስ. የተባለውን፥ ብዙ ትንንሽ ቊጥሮችን በአንድ ጊዜ የሚያሰላ ትእዛዝ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሲጨምር ፕሮሰሰሩ ራሱ ለዚህ ሥራ ተሳለ። ሁለተኛው ኤክስ.ቪ. የተባለው ስልት ነው፤ በዚህም ቀለሙን የመለወጥና ሥዕሉን በስክሪኑ ልክ የማስፋት ሥራ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ተሻገረ። ሦስተኛው፥ ለእኛም ጥያቄ ዋናው፥ የመፍታቱ ሥራ ራሱ በግራፊክስ ክፍል ውስጥ ለተሠራ ልዩ መፍቻ መሰጠቱ ነው። በሊኑክስ ላይ ይህን መፍቻ ለመጥራት ከኢንቴል በኩል ቪ.ኤ.ኤ.ፒ.አይ.፥ ከኤንቪዲያ በኩል እ.ኤ.አ. በ2008 ቪ.ዲ.ፓው የተባሉት መንገዶች ተከፈቱ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ እዚህ ላይ ይገኛል። አንድሮይድ ስልክም በውስጡ የሊኑክስ አስኳል አለው፤ ስለዚህ ልዩነቱ በሥርዐቱ ስም አይደለም። ስልክ የሚሠራው ኩባንያ ባትሪው ቶሎ እንዳያልቅ ሲል ልዩ መፍቻውን ከነድራይቨሩ ገጥሞ ይሸጣል። በጠረጴዛው ኮምፒዩተር ላይ ግን መፍቻው እያለ ድራይቨሩ ሳይጫን፥ ወይም ማጫወቻው እንዲጠራው ሳይታዘዝ ሊቀር ይችላል። ጠንካራው በሬ በረት ውስጥ ቆሞ ሰውየው በእጁ ይቆፍራል እንደ ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም የሕግ ነው። እንደ ኤች.264 ያሉት ዘዴዎች በባለቤትነት መብት የተያዙ ስለ ሆኑ፥ አንዳንድ የሊኑክስ ዕትሞች ከነፈቺያቸው አያወጧቸውም። ለሕፃናት ትምህርት ተብሎ በሺሕ በሚቈጠር መጠን ወደ አገራችን የገባው ኤክስ.ኦ. የተባለው ትንሽ ላፕቶፕ ለዚህ ምሳሌ ነው። የሚሠራው በፌዶራ ሊኑክስ ነበር፤ የመጀመሪያው ዐይነት ፕሮሰሰሩ 433 ሜጋኸርትዝ፥ ሚሞሪው 256 ሜጋባይት ነበር። አብሮት የተሰጠው የቪዲዮ ዐይነት ከባለቤትነት ክፍያ ነጻ የሆነው ቴዎራ ነው። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ ሌላ ቪዲዮ «አልጫወት አለ» ሲባል መሣሪያው ደካማ በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ፈቺው ስላልተሰጠውም ነው።

ሠ/ ከታሪኩ የሚገኝ የሥራ ቅደም ተከተል

ከላይ ያለውን ታሪክ የተረዳ ሰው በአሮጌ ኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጥ የሚጠይቀውን በተራ ያውቃል።

አንደኛ፥ ፋይሉ ምንድር ነው? የስሙ መጨረሻ ሣጥኑን እንጂ ይዘቱን አይናገርም። በኤም.ፒ.4 ሣጥን ውስጥ ኤች.264ም ኤች.265ም ሊኖር ይችላል። በኤፍ.ኤፍ.ኤምፔግ ወይም በማጫወቻው የመረጃ ገጽ የማመቂያው ዐይነትና የሥዕሉ ስፋት ይታያል።

ሁለተኛ፥ የመሣሪያው መፍቻ የትኛውን ያውቃል? የኢንቴልን ልጆች በምሳሌነት ብንወስድ፥ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሳንዲ ብሪጅ ኤች.264ን በልዩ መፍቻ ይፈታል፤ ኤች.265ን ግን አያውቅም። ኤች.265ን በሙሉ የሚፈታው በ2015 የወጣው ስካይሌክ ነው፤ ኤ.ቪ.1ን ደግሞ በ2020 የወጣው ታይገር ሌክ። እንግዲህ በ2011 ለተሠራ ኮምፒዩተር ኤች.265 ፋይል መስጠት ለማያውቀው ቋንቋ አስተርጓሚ እንደ መጠየቅ ነው፤ ሥራው ሁሉ ተመልሶ በዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል። በሊኑክስ ላይ መፍቻው የሚያውቃቸውን ዐይነቶች የሚዘረዝር አጭር ትእዛዝ አለ፤ ከዚያም በኤምፒቪ ወይም በቪ.ኤል.ሲ. ምርጫ ውስጥ በመፍቻው መጠቀም ተፈቅዶ እንደ ሆነ መመልከት ይገባል። ብራውዘሮች በሊኑክስ ላይ ለብዙ ጊዜ መፍቻውን ሳይጠሩ ስለ ቆዩ፥ ያው ቪዲዮ በብራውዘር ሲደናቀፍ ወርዶ በኤምፒቪ ሲከፈት ያለ ችግር ሊሄድ ይችላል።

ሦስተኛ፥ ስክሪኑ ስንት ነጥብ አለው? ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች 1366 በ768፥ ማለት ወደ 1.05 ሚሊዮን ነጥብ ያሳያሉ። 1920 በ1080 የሆነ ፊልም ግን ለእያንዳንዱ ሥዕል ወደ 2.07 ሚሊዮን ነጥብ ያስፈታል። ኮምፒዩተሩ ግማሹን ፈትቶ ይጥለዋል ማለት ነው። 854 በ480 የሆነው ደግሞ 409,920 ነጥብ ብቻ ነው፤ ከታላቁ አንድ አምስተኛ ያህል። ለንግግርና ለጥቁር ሰሌዳ ትምህርት ይህ ይበቃል።

አራተኛ፥ ሌላ ማን ይሻማል? ባለብዙ ጌጥ ዴስክቶፕ በአሮጌ ግራፊክስ ላይ ከቪዲዮው ጋር ይሻማል፤ ኤክስ.ኤፍ.ሲ.ኢ. ወይም ኤል.ኤክስ.ኪዩ.ቲ. የተባሉት ቀላል ገጾች ብዙ ሚሞሪ ይቈጥባሉ። ፋይሉ በዘገምተኛ ፍላሽ ላይ ካለ አስቀድሞ ወደ ኮምፒዩተሩ ዲስክ መገልበጥ ይገባል።

አምስተኛና ከሁሉ የሚበልጠው፥ ሸክሙን አስቀድሞ መሸከም ነው። አንድ ጠንካራ ኮምፒዩተር በወልድያም ይሁን በደሴ ሌሊቱን ሠርቶ የትምህርቱን ፋይሎች ወደ ኤች.264፥ ወደ 480 መስመር ቢለውጣቸው፥ በመቶ የሚቈጠሩ ደካማ ኮምፒዩተሮች ለዘለዓለም ያርፋሉ። ሥዕሉ በሰከንድ 800 ሺሕ ቢት ቢመደብለት የ30 ደቂቃ ትምህርት ከነድምፁ ከ200 ሚሊዮን ባይት ብዙም አያልፍም፤ በአንዲት ባለ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ላይም ከመቶ በላይ ትምህርት ይቀመጣል። እግረ መንገዱንም የአማርኛ ጽሑፍ ከሥዕሉ በታች ሊጨመር ይችላል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ፥ ጽሑፉ በዩ.ቲ.ኤፍ.-8 ከተቀመጠና እንደ አቢሲኒካ ያለ ነጻ ፎንት ከተጫነ ማጫወቻው ያነበዋል። የፕላዝማው ተማሪ ያጣውን የቋንቋ ድጋፍ የዛሬው ሊያገኘው ይችላል።

ረ/ ነገሩ ለውርጌሳ ያለው ክብደት

ይህ ሁሉ ለባለሙያዎች ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው የ2013 እና የ2014 ዓ.ምን. ዘመን ያስታውስ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያ በሕወሓት ኀይሎች እጅ ከገባች በኋላ ጦርነቱ ወደ ደቡብ ዘልቆ የመርሳና የውርጌሳ መስመር የጦር ግንባር ሆነ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በሰሜን ወሎ በሰፊው መብራትና ስልክ ተቋርጦ ነበር። ብዙ ትምህርት ቤቶችና የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ዘረፋና ውድመት ደረሰባቸው። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ከሩቅ የሚላክ ትምህርት ሁሉ ይቋረጣል፤ የሚቀረው በእጅ ያለ ፋይልና በእጅ ያለ መሣሪያ ብቻ ነው። ዕቃ በጠፋበት አገር ደግሞ የተረፈው አሮጌ ኮምፒዩተር ከቆሻሻ መቈጠር የለበትም።

የመብራትም ጉዳይ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ልዩ መፍቻው ያንኑ ሥዕል ለመፍታት ከዋናው ፕሮሰሰር እጅግ ያነሰ ኀይል ይወስዳል። በሶላር ወይም በባትሪ ለሚሠራ ላፕቶፕ ይህ ማለት የጀመረው ትምህርት ሳያልቅ መብራቱ አያልቅም ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ አገር ላይ «የአፈጻጸም ማሻሻያ» የሚባለው ነገር እዚህ የትምህርቱ መኖርና አለመኖር ይሆናል።

የሚጫወተውስ ምንድር ነው? የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በመርሳ አለ፤ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም በዚሁ በሐብሩ ነው። ማሽላን ስለሚያጠፋው ስለ አቀንጭራ አረም፥ ስለ ዘር አመራረጥ፥ ስለ ከብት በሽታ በአካባቢው አነጋገር የተዘጋጀ አጭር ፊልም ለውርጌሳ ገበሬ ከሩቅ ከሚመጣው ይልቅ ይቀርበዋል። ከኮረም ዘመን በተቃራኒ የወሎ ሰው የሚታይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፥ ራሱ ቀርጾ ራሱ የሚያይ ይሆናል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሣ የሚችለውን ተቃውሞ ማለፍ አይገባም። ሊኑክስ ራሱ ዕውቀት ይጠይቃል፤ ለአንዳንድ አሮጌ ግራፊክስ ካርዶች ድራይቨር ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ብዙ ዕትሞችም ባለ 32 ቢት ኮምፒዩተሮችን መደገፍ ትተዋል። ብልሃት ሁሉ የማያድነው መሣሪያም አለ። ደግሞም ዕቃው በሰው እጅ ካልተያዘ ነጻ ፈቃድ ብቻውን አያጫውትም፤ በየትምህርት ቤቱ ቢያንስ አንድ መምህር ወይም አንድ ተማሪ ከላይ የተዘረዘሩትን አምስት ጥያቄዎች መጠየቅ የሚችል መሆን አለበት። ይህ ትክክለኛ ተቃውሞ ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በግዢ መሥሪያ ቤት ሳይሆን በትምህርት የሚገኝ መሆኑን ያረጋግጣል።

ለማጠቃለል ያህል፥ ከሰይጣን ቤት እስከ ስልክ ባለው ዘመን ውስጥ ሥዕሉ የፈሰሰው ሸክሙ በትክክለኛው ትከሻ ላይ ባረፈ ጊዜ ሁሉ ነው። በፊልም ዘመን መኪናው፥ በቴሌቪዥን ዘመን ላኪው፥ በቪ.ሲ.ዲ. ዘመን የቤቱ ማጫወቻ ተሸክሞታል። በእኛ ዘመን ሸክሙን የሚያከፋፍለው ተጠቃሚው ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም የሚያስፈልገው መሣሪያ በነጻ ቀርቧል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን ሲመርጡ፥ በየወረዳው ያሉትን አሮጌ ኮምፒዩተሮች ዐይነትና የመፍቻቸውን ችሎታ መዝግበው፥ የትምህርት ፋይሎችን በዚያ ልክ ቢያዘጋጁ፥ ከውርጌሳ ጀምሮ በዚህ አውራ ጎዳና ዳር ላሉት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ከአዲስ ዕቃ ግዢ የሚቀድም አገልግሎት ይሆናል።